አምስት ጊዜ የተነፋ ጡሩምባ

የጀልባ አዛዡ፣ ናኾዳ ሉባክ ሑመድ፣ ወሬ ሳይሰማ ማለፍ የማይችል ሰው ነበር። ለነገሩ እኛ አፋሮች ሁላችንም ያው ነን፤ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ ያየውን ሳይሰጥና የሌላውን ሳይቀበል አይለያይም። የሉባክ ግን ይብስ ነበር። ከታጁራ ጅቡቲ ሰውና ፍየል፣ ፍራሽና ሽንኩርት በጀልባው ሲያመላልስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሚያውቀው ጀልባ አጋጥሞት ሞተሩን ሳያጠፋ ሄዶ አያውቅም። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም "ምን ያስቸኩላችኋል? ጅቡቲ እንደሆነች የትም አትሄድ" ይላል።

የባሕሩ ደንብ ቀላል ነው። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ከባድ ወሬ የያዘው አፍንጫውን ወደ ሌላው ያዞራል። የተዞረበት ሞተሩን ያጠፋል፤ ጎን ለጎን ይጠጋጋሉ፤ ዳጉው ይጀመራል። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ የሚስተውም ግን የለም።

የተጻፈው ሕግ የመጣው ሉባክ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ገና ስልክ በየሰው ኪስ ባልገባበት ዘመን። ተሳፋሪ የሚጭን ናኾዳ ሁሉ፣ መርከቦች እንዳይጋጩ ዓለም የተስማማበትን ሕግ ተፈትኖ ካላወቀ መሪውን ይልቀቅ ተባለ። ዕቃ ብቻ የሚጭኑትን አልነካም። በመጀመሪያው ሳምንት ከኦቦክ የመጣ አንድ ናኾዳ ፈታኙን አሳፍሮ እየሄደ ዳጉ ሊቀበል ወደ ሌላ ጀልባ ተጠጋና በዚያው ወደቀ። አሁን ገበያ ውስጥ ከሰል ይሸጣል። ሉባክ ይህን ሲሰማ ፈራ። እሱ የብስ ላይ ምንም አይችልበትም፤ ፍየል እንኳ አትታዘዘውም።

ልጁ ሞሚና አስተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሕጉን ከፈረንሳይኛ እየመለሰች ታነብለት ጀመር።

"ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ጀልባዎች፣ ሁለቱም ወደየቀኛቸው ይዞራሉ።"

"ለምን ቀኝ?"

"እንዲህ ይላል እንግዲህ፣ አባ።"

"ለምን እንደሆነ አይልም?"

"አይልም።"

"ይህን የጻፈው ሰውዬ ጠያቂ ልጅ አልነበረውም ማለት ነው።"

"ጠያቂ አባት አልነበረውም በል" አለችና ገጹን ገለበጠች። "የምታየው መርከብ እየቀረበ አቅጣጫው ካልተለወጠ፣ የመጋጨት አደጋ አለ።"

ሉባክ ከምንጣፉ ብድግ አለ። "ድገሚው!"

ደገመችለት።

"ይህማ የዲኒ ነው! ማን ነገራቸው?"

ዲኒ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሉባክን መሪ ያስያዘው እሱ ነበር። "መርከብ ስታይ ከምሰሶው ገመድ ጋር አስተካክለው። ከገመዱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሸሸ አያሳስብህ፤ ከገመዱ ካልተላቀቀ ግን ወዳንተ ነው የሚመጣው" ይለው ነበር። አሁን ዲኒ ደረቱን ታሞ ጅቡቲ ከተማ ልጁ ቤት ተኝቷል። ሉባክ በሄደ ቁጥር ወተት ይወስድለታል። ዲኒ ከኤደን ወዲያ አልሄደም፤ የሕጉ ጸሐፊዎችም ታጁራ ደርሰው እንደማያውቁ የተረጋገጠ ነው። እንዴት አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ? ሉባክ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ፈቃዱን ባገኘበት ቀን በቀጥታ ዲኒ ዘንድ ሄዶ "ያንተ ነገር የዓለም ሕግ ሆኗል" ሊለው ወሰነ።

ከሁሉ የወደደው ግን የጡሩምባውን ቋንቋ ነው። አንድ አጭር ጩኸት "ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው" ማለት ነው፤ ሁለት "ወደ ግራ"።

"አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከነፋህ ደግሞ" አለች ሞሚና፣ "'ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም' ማለት ነው።"

ሉባክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ካዲጋ ነገር ባስረዘመች ቁጥር ሳህኑን አምስት ጊዜ ማንኳኳት ያዘ።

"አንተ ደግሞ መቼ ገብቶህ ያውቃል!" ትለዋለች።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። "ዳጉስ? ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይላል?"

"ስለ ዳጉ የለውም፣ አባ። ተራራቁ ነው የሚለው።"

"ዓለም በሙሉ ባሕር ላይ ዝም ብሎ ነው የሚተላለፈው?" አለ። አዘነላቸው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ኮማንዳን ወዒስ የተባለው ፈታኝ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ደብተሩን ይዞ ከታጁራ ተሳፈረ። ሉባክ የዲኒን ወተት በቅል ጥላው ሥር ሰቅሎ ሞተሩን አስነሣ። ሕጉን ጠጥቶታል፤ የተጠየቀውን ሁሉ መለሰ። ጥያቄው ሲያልቅ እሱ በተራው ጠየቀ፤ "ኮማንዳን፣ ለምን ቀኝ ሆነ?"

ፈታኙ ጥቂት አሰበና ሳቀ። "ናኾዳ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አላውቅም።"

ባሕረ ሰላጤው መካከል ሲደርሱ ከጅቡቲ የሚመጣ ጀልባ ፊት ለፊት ታየ። የአጎቱ ልጅ የገዓስ ነው፤ ሲሚንቶና ዱቄት የሚጭነው። ሉባክ አንድ ጊዜ ነፋና ወደ ቀኝ ዞረ።

ገዓስ ወደ ቀኙ አልዞረም። ወደ ግራ፣ ወደ ሉባክ ዞረ።

የሉባክ እጅ ሳያዘው ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ሄደ። ፈታኙ የደብተሩን ገጽ ሲገልጥ አየና እጁን መለሰ። ገዓስ ከባድ ነገር ይዟል፤ እንዲሁ አይዞርም። ምን ይሆን? ሁለት ሰዓት ብጠብቅ ነው እንግዲህ፣ ወደብ ስደርስ እሰማዋለሁ አለ ለራሱ። ቀና ሲል የገዓስ ጀልባ ከምሰሶው ገመድ ጋር ተጣብቋል፤ አይሸሽም፣ ይተልቃል እንጂ። ጡሩምባውን አምስት ጊዜ ነፋ።

ገዓስ መጣ። ዕቃ ብቻ የሚጭነው ጀልባ ላይ ዛሬ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ቆመዋል፣ አንድ የተቀመጠ የለም። ገዓስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል፤ የሁለቱ ሞተር ድምፅ ቃሉን ይበላዋል። ሉባክ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ ጠመዘዘና ፍጥነት ጨመረ። በሃያ ክንድ ርቀት ተላለፉ። ዞሮ ሲያይ ገዓስ እጁን አውርዶ ዝም ብሎ ያየዋል።

"ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው?" አለ ፈታኙ።

"እንጃ፣ አልገባኝም" አለ ሉባክ።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮማንዳን ወዒስ ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠው፤ "እንደዛሬው ንጹሕ አሠራር አላየሁም" ብሎ እጁን ጨበጠው። ሉባክ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ቅሉን አንሥቶ ወረደ። ሌላ ቀን የሚተርቡት ተሸካሚዎች ዛሬ መንገድ ለቀቁለት። አንዱ ሽማግሌ ቀረበው።

"ገዓስን አላገኘኸውም?"

"አገኘሁት።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ሉባክ ቅሉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

"ዲኒ ንጋት ላይ አረፈ፣ ሉባክ። ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ ብሎ ነበርና ገዓስ ይዞት ሄደ። 'ባሕር ላይ ሉባክን አገኘዋለሁ፤ አብረን እንመለሳለን' ነበር ያለን።"

ባዶ ጀልባ ነድቶ ተመለሰ። ታጁራ ሲደርስ ሶላቱ ተሰግዶ፣ ዲኒ ተቀብሮ ሰው ተበትኗል። መቃብሩ ዘንድ የቀረው ገዓስ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሉባክ ቅሉን እንደያዘ ቆመ።

"ዞሬልህ ነበር" አለ ገዓስ።

"አይቻለሁ።"

"አምስት ጊዜ ነፋህብኝ። ስንመጣ ሁሉም ሲጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ሕጋችሁን አላውቅም። አምስት ምን ማለት ነው?"

"'ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም' ማለት ነው።"

ገዓስ ቀና ብሎ አየው። "አልገባህም ነበር?"

ሉባክ መዋሸት ይችል ነበር፤ ጠዋት ለፈታኙ ዋሽቷል። እዚህ ግን ዲኒ አለ።

"ገብቶኝ ነበር" አለ።

ገዓስ አጠገቡ ያለውን ጠጠር በእጁ ጠረገ።

"ተቀመጥ። ዳጉህን ተቀበል።"

ሉባክ ተቀመጠ። ገዓስም እንደ ደንቡ ከመጀመሪያው ጀመረለት፤ ትናንት በስንት ሰዓት ወደ ዲኒ ቤት እንደገባ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ዲኒ ከሾርባው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደተጎነጨ፣ ሳሉ መቼ እንደጸና፣ ማን እንዳጠበው። ምንም አልዘለለም።

"ከመተኛቱ በፊት ስለ አንተ ጠየቀኝ" አለ። "'ነገ ነው አይደል ፈተናው?' አለኝ። አዎ አልኩት። 'ገመዱን አይቶ ከነዳ ማንም አይነጥቀውም' አለ።"

ሉባክ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በእጁ ጨምድዶ ይዞ አለቀሰ።