ለፋሲካ የጠረግኩት ጅረት

ጋራዤ ውስጥ፣ ከሳር ማጨጃው ጀርባ፣ ጥርሱ ረግፎ ያለቀ አንድ አሮጌ የቅጠል ሬክ አለ። ባለቤቴ በየዓመቱ «ይኼን ነገር ጣለው» ትለኛለች። አልጥለውም። በእሱ አንድ ሙሉ ወንዝ ጠርጌበታለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ ጆርጂያ፣ ፓይን ሌክ አጠገብ፣ ከጀርባው ጅረት የሚያልፍበት አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ድመት እግሯ ሳይርስ የምትዘለው ጅረት ነው፤ ለእኔ ግን ዓባይ ራሱ የእሱ ታናሽ ወንድም ነበር። እርጥብ ቅጠልና የዛገ ብረት ይሸታል። ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ኮሌጅ ፓርክ የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ ውለው ሲመለሱ፣ ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደዚያ ይወርዳሉ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው። ውሃው ውስጥ ከወደቀ ግንድ ሥር ሆዷ እንደ ብርቱካን የቀላ፣ መዳፌን የማታክል አሳ ትኖር ነበር፤ «ወይዘሮ» ይሏታል። ተሳፋሪ ሲያመናጭቃቸው የዋለ ፊታቸው እሷን ሲያይ ይፈታል። አንድ ቀን እናቴ «ጋሼ፣ ምነው ጠብሰው ቢገላግሏት?» ብትላቸው፣ «ጎረቤት ይጠበሳል እንዴ?» አሏት።

የፋሲካ ሰሞን እናቴ ቤት ስታጸዳ ጎርፍ የገባ ነው የሚመስለው። ሶፋው ይገለበጣል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ እኔም ቆሜ ከተገኘሁ ከምንጣፉ ጋር እታጠባለሁ። «በዓል የቆሸሸ ቤት አይገባም» ትል ነበር። ታዲያ ወይዘሮ ፋሲካን በዚያ ሁሉ ግሳንግስ መሐል ልትውል መሆኑ አንጀቴን በላው። ጋሽ መኮንንንም ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው ፈለግኩ። በዋዜማው ጠዋት ሬኩን ይዤ ወረድኩ። ዝሆን የሚያክለውን ግንድ በገመድ ጎትቼ አወጣሁት። ሥሩን ነቀልኩ፣ ጠጠሩን ዛቅኩ፣ ቅጠሉን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጠረግኩ። ጅረቱ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር አበራ።

ጋሽ መኮንን መጥተው ግንዱ የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ወይዘሮ የት ሄደች?»

«ቤቷን እኮ አጸዳሁላት» አልኩ፣ ምርቃት እየጠበቅኩ።

«ጣሪያዋን ገንጥለህ፣ አልጋዋን አውጥተህ ጥለህ ነው ያጸዳህላት?» አሉና ወደ ቤታቸው ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ወደ ጅረቱ አልወረዱም። ከሥራ ሲመለሱ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ቀጥ ብለው ደረጃውን ይወጣሉ። የእናቴ ቁጣ ቢሆን ለምጄዋለሁ፤ ይኼ ግን ዶሮ ወጡን እንኳ አፈር አፈር አሰኘብኝ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በእናቴ የጽዳት ባልዲ ጠጠሩን መልሼ ደፋሁ። ግንዱን ስመልስ የተጠቀምኩት ጉልበት ስቶን ማውንቴን የሚባለውን ተራራ ከቦታው ያነሳው ነበር። ሲያልቅ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሽ መኮንን፣ መልሼ አቆሽሼዋለሁ።»

ሳቃቸው እስከ ኤርፖርቱ ሳይሰማ አልቀረም። አብረን ወረድን፤ ምንም የለም። በነጋታውም የለም። በአራተኛው ቀን ከግንዱ ሥር አንድ ብርቱካናማ ነገር ብልጭ አለ።

«እሷ ናት?» አልኳቸው።

«እሷም ባትሆን ጎረቤት ናት።»

ዘንድሮ የሰፈሩ ሰው ያንኑ ጅረት ለአሳ እንዲመች መልሰን እንሥራው ብሎ ተነሳ። እኔም ሬኬን ትቼ ቮለንቲር አደረግኩ። ሥራውን የምትመራው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የእኛው ልጅ ናት። «ግንዱን እዚህ ድሮፕ እናደርጋለን፤ ላይክ፣ ለአሳዎቹ ቤት ነው» ብላ ካስረዳችን በኋላ፣ «ኤክስፒሪያንስ አለህ?» አለችኝ። በጅረት ማቆሸሽ ከእኔ የሚበልጥ በጆርጂያ እንደሌለ ነገርኳት።

ያኔ አንድ ገመድና አንድ ባልዲ ነበረኝ፤ ዛሬ ግንዱን የሚያወርድ ማሽን አለ። ያኔ ለአንዲት አሳ ብቻዬን ተንገላታሁ፤ ዛሬ ሃያ ሰው ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ጋሽ መኮንን ብቻ እንደ ድሮው ዳር ላይ ናቸው፣ አሁን ምርኩዛቸውን ይዘው በታጣፊ ወንበር ላይ። የመጨረሻውን ግንድ ካጋደምን በኋላ «እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው። ውሃውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ገና ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ጨምርበት።»