የፐሪኻን አንገት ደፊዎች

የአጎቴ የሰብሪ ሚስት ፐሪኻን ከተራራ ወደ ከተማ የወረደችው በባሏ ጉልበት ምክንያት ነው። ሰብሪ ሠላሳ ዓመት በቅሎ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ ሐካሪ ከተማ ዳገቱ ላይ፣ ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር የሆነ ቤት ገቡ። ቤቱን ገረፍ አድርጋ አየች። ጓሮውን ግን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «እዚህ ግንቡ ሥር አንገት ደፊ አበቅላለሁ» አለች።

አንገት ደፊ የምንለው በረዶ ሲቀልጥ ከድንጋይ መሀል ብቅ የምትለውን የተራራ አበባ ነው። አገዳዋ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ላይ እሳት የመሰሉ አበቦች እንደ ቃጭል ቁልቁል ይንጠለጠላሉ።

በሌላው ወገን የምትጎራበታቸው ዘይኖ ይህን ስትሰማ አጥሩን ተደግፋ ሳቀች።

«ያቺ አበባ ጣራ ያለበት ቤት አትኖርም። ደግሞስ አንገት ደፊ የሚስማማት ከአንገት ደፊ ሴት ጋር ነው። አንቺ አንገትሽን የደፋሽው መቼ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው የፈለግኳት» አለች ፐሪኻን። «ከቤታችን አንድ እንኳ አንገት ደፊ ይኑር!»

ወንድሟ ፈርሆ ደስ ሊያሰኛት ብሎ በግንቦት ሦስት አበቦች ከነሥራቸው ነቅሎ በጆንያ አመጣላት። መንቀል ክልክል ነው፤ የተራራው ጠባቂዎች ቢያገኙት አይለቁትም ነበር። ፐሪኻን ተከለቻቸው፣ ግን በሳምንት ውስጥ ጠውልገው ወደቁ። ወንድሟን አልተቆጣችም። «ተጠልፋ የመጣች ሙሽራ መቼ ቤት ትለምዳለች? ጥፋቱ የእኔ ነው። በወጉ ነው መጀመር» አለችው።

በሐምሌ ሴቶቹ አይብ ሊሠሩ ወደ ከፍታው ግጦሽ ሲወጡ እሷም አብራ ወጣች። ስትመለስ በመሐረቧ ጫፍ የቋጠረችው ዘር፣ ተረግጦ የተጠፈጠፈ ምስር ይመስል ነበር። በጥቅምት ከግንቡ ሥር ጠጠር ነስንሳ፣ አፈር መልሳ ዘራችው። ክረምቱን በረዶ ተጫነው። በጸደይ እንደ ሣር የቀጠነች አንዳንድ ቅጠል ብቻ ብቅ ብቅ አለች።

«የሽንኩርት ማሳሽ እንዴት ነው?» ትላት ነበር ዘይኖ በየጠዋቱ።

«ደህና ነው፤ አንቺን ግን አላስቀምስሽም።»

በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ትንሽ ሰፋ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። በየሰኔው ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ይደርቁና መሬቱ ባዶ ይሆናል። ሥራቸው ግን ከታች ተኝቷል። ፐሪኻን ይህን ታውቃለች። ሰብሪ አያውቅም ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ እሷ ለእኅቷ ልጅ ሠርግ አምስት ቀን ሄዳ በነበረ ጊዜ፣ ሰብሪ ከግንቡ ሥር የደረቀውን ቅጠል አየና አዘነላት። ስትመጣ ባዶ መሬት አይታ እንዳትከፋ ብሎ በዚያ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቆፈረ፣ አፈሩን ገለበጠ፣ ትርፉን ከአጥሩ ጥግ ከመረና ቲማቲም ተከለ። ስትመለስ በኩራት ጠራት።

«ነይ እስኪ እዪ! አበባሽ ሞተች፤ እኔ ግን አልሞትኩም።»

ፐሪኻን ሻንጣዋን በሩ ላይ አስቀመጠች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ አይቻታለሁ። ፊቷ ነጣ። ወደ ጓዳ ገብታ የስንዴ ወንፊቷን ይዛ ወጣች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«ልጆቼን ልለቅም።»

ቲማቲሞቹን አንድ በአንድ ነቅላ ወደ ጎን አደረገች፤ አፈሩን በእፍኝ እያነሣች መንፋት ጀመረች። ትንሽ ሽንኩርት የሚያህል ነጣ ያለ ሥር ወንፊቱ ላይ ሲቀር ሰብሪ ገባው።

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«ምነው አልጠየቅከኝ?»

የሚደገፍበትን ዱላ ጥሎ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷ ትነፋለች፣ እሱ ይለቅማል። ሲመሽ ዶማ ያልነካቸው ሃያ ሦስት ሥሮች በትሪ ላይ ተደርድረው ነበር። ሰብሪ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ሌላም ካለ ነገም እለቅማለሁ» አለ። አጎቴን ይቅርታ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቃሉን ባይናገረውም። እሷም ገባት፤ ሻይ ቀዳችለት። በማግሥቱ አብረው ተከሏቸው፤ ውሃ አናታቸው ላይ ባለው ጉድጓድ እንዳይተኛ እያንዳንዱን በጎኑ እያስተኙ።

በስድስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ማለዳ፣ የሰብሪ ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰ። «ቀበሮ! ዶሮዎቹን ጠብቁ!» እያለ ዱላ ይዞ ጓሮውን ያስሳል። እውነትም የቀበሮ ጠረን አጥሩን አልፎ ቤታችን ገብቷል። ፐሪኻን በባዶ እግሯ ወጣች፣ አንዴ አሸተተችና እስኪያማት ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ አበባ ነው በዱላ የምታባርረው!»

አንዲቷ ፈክታለች። ስድስት ቃጭሎቿን አንጠልጥላ፣ በየቃጭሉ ውስጥ እንባ የመሰለ ጠብታ ይዛ ቆማለች። ፍልፈሎችም ጠረኑን ሸሽተው መሰለኝ፣ በዚያ ዓመት ከግንቡ አጠገብ ያለውን ድንች አልነኩም።

ዘይኖ መጣች፤ ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዷን ሥር ስጪኝ» አለች።

«ሥር አልሰጥም። ዘር ግን እሰጥሻለሁ።»

«ስድስት ዓመት ልጠብቅ? እኔ?»

«ስድስት ዓመት ስትስቂብኝ ደክሞሽ ነበር እንዴ?»

ዘይኖ ዘሩን ወሰደች፤ እኔም ወሰድኩ፤ ወሬው ሲሰማ ከታችኛው ሰፈር ድረስ መጥተው የወሰዱ አሉ። የእኔ ግማሹ ሳይበቅል ቀረ። የዘይኖ ግን በቀለ፤ ጊዜው ሲደርስ ከመሀላቸው አንዷ ቢጫ ሆና ፈካች፤ እንደ ቅቤ የጠራ ቢጫ።

የዚያን ቀን ፐሪኻን ራሷን በአዲስ ሻሽ አስራ፣ በትሪ አይብና ትኩስ ዳቦ ይዛ የዘይኖን በር አንኳኳች።

«ምን እግር ጣለሽ?» አለቻት ዘይኖ፣ እያወቀች።

«ዘር ልለምን መጣሁ።»

ዘይኖ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላት። «ግቢ፣ እኅቴ፤ ግን ሻይ ሳትጠጪ አልሰጥሽም» አለቻት።