ጀልባ ነጂው ዋና የተማረበት ክረምት

በርናባስ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጀልባ ነድቷል። ዋና ግን አይችልም ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀውም የለም። ሾፌርን በእግር መሄድ ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ ሁሉ፣ ጀልባ ነጂንም ትዋኛለህ ወይ የሚለው አይኖርም። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ወጣ፤ ያዩት ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ከበደ መነጽሩን አድርጎ አንድ ወረቀት አነበበ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ሰው የሚጭን ነጂ ሁሉ ያለ ላይፍ ጃኬት ሃምሳ ሜትር መዋኘት አለበት። ፈተናው ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው። ያላለፈ ዓሣ ማጥመድ ይችላል፤ ጀልባውን ለሌላ ነጂ መስጠትም ይችላል፤ እሱ ራሱ ግን ሰው ይዞ አይወጣም። ከኋላ የተቀመጡት ይቺማ ምን አላት አሉ። በርናባስም ራሱን ነቀነቀ።

ጀልባዋ የራሱ ናት። አሥር ዓመት መረብ እየጣለ፣ ቆሮሶና አምባዛ እያወጣ ነው የገዛት። ሰው ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ግን ዓሣውን ረስቶታል። ይህን ሥራ ይወደዋል፤ በተለይ ክረምት ላይ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐዋሳ የልጆች ትሆናለች። አንዱ ብስክሌት ተከራይቶ በሐይቁ ዳር ይበራል፤ ሌላው ታቦር ተራራ ወጥቶ ጫማውን በጭቃ ለውሶ ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የመጣው ደግሞ ጉማሬ ካላየሁ ብሎ ወላጆቹን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣል። በርናባስ ጉማሬዎቹ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆኑ ያውቃል። ሞተሩን ከሩቅ ያጠፋና በመቅዘፊያ ይጠጋል። ልጆቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም ይላሉ። ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ ለምነው የማያገኙትን ዝምታ እሱ በየቀኑ ያገኘዋል። ጳጉሜን ላይ የሚያጣው ያንን ነው፤ ጀልባዋ የእሱ ሆና መሪዋን ሌላ ሰው ሊይዝ ነው።

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። የክረምት የዋና ሥልጠና፣ ከስድስት እስከ አሥራ አራት ዓመት ይላል። በርናባስ ሁለት ጊዜ አለፈው። በሦስተኛው ገባ። አስተማሪዋ ሳያት ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተወልዳ ያደገች የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ። ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ራሴን ነው አላት፤ ምክንያቱንም ሳይሸፋፍን ነገራት። ሳያት አልሳቀችም።

"ከልጆቹ ጋር ነው የሚማሩት፤ የተለየ ክፍል የለኝም" አለችው።

"የተለየ መች ጠየቅኩ።"

የምዝገባ ቅጹን ይዞ ቤቱ ገባ። ቅጹ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ይላል። ሚስቱ ብርቅዬ መሀል ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ የቅጽ ዓይነት በእጇ ያላለፈ የለም። ይህንን ግን ደጋግማ አገላበጠችው።

"የልጁ ስም፣ በርናባስ" ብላ አነበበች። "ዕድሜ፣ አርባ ስምንት።" ቀና ብላ አየችው። "አትችልም?"

"አልችልም።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።"

"እኔ እኮ ነፋስ ሲነሣ፣ ምን ይሆናል፣ ዋና ይችላል እያልኩ ነው ስተኛ የኖርኩት።"

"ለዚሁ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ብርቅዬ እስክሪብቶዋን አንሥታ ፈረመች። ዝምድና ከሚለው ፊት ለፊት የታተመውን እናት የሚል ቃል ሰርዛ ሚስት ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከእንቅልፏ ትባንን ጀመር፤ ባሏ አጠገቧ እያንኮራፋ።

ሐምሌ መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆችና አንድ ጎልማሳ ገንዳው ዳር ተሰለፉ። በርናባስ ወደ ውኃው አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በሐይቁ ላይ ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖር ከሥሩ ያለውን መሬት አይቶት አያውቅም። ሐይቁ ድፍርስ ነው፤ የላዩን እንጂ የታቹን አያሳይም። ገንዳው ግን እስከ ወለሉ ወለል ብሎ ይታያል። ሰው የሚወድቅበትን ሲያይ ነው የሚፈራው። ገብቶ የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ። ውኃው ወገቡ ላይ ደረሰ።

ሐዳሳ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ከጎኑ ነበረች። "ጋሼ፣ ይቆማል እኮ" አለችው። "እዩኝ፣ እኔም ቆሜያለሁ።"

የመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ማውጣት ብቻ ነበር። ልጆቹ በአንድ ቀን ጨረሱት፤ እሱን ሳምንት ፈጀበት። ቀና ሲል በአፍንጫው እያስነጠሰና እየተነፈሰ ስለነበር ጋሼ ጉማሬ የሚል ስም አወጡለት። ሳያት ልትቆጣቸው ስትል በእጁ ከለከላት።

"ጉማሬ ሲዋኝ ያየ ማነው?" ብሎ ልጆቹን ጠየቀ። ሁሉም እጁን አወጣ። "አላያችሁም። ጉማሬ ዋና አይችልም። ወርዶ በእግሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔም እሱም እኩል ነን።"

ልጆቹ ወደ ሳያት ዞሩ። እውነቱን ነው አለች። ከዚያ በኋላ ስሙ ባይቀርም ሳቁ ሌላ ሆነ። በእረፍት ሰዓት ከበውት ስለ ጉማሬ ይጠይቁት ጀመር። በምላሹ ሐዳሳ እግሩን እንዴት እንደሚመታ ታርመዋለች፤ ጉልበትዎ አይታጠፍ፣ ብስክሌት አይደለም እያለች።

ነሐሴ ሲገባ መንሳፈፍ ቻለ፤ እጁንም እግሩንም አስተካከለ። ትንፋሹ ግን አልገጥም አለ። ሦስት ምት፣ ከዚያ ጭንቅላትን ወደ ጎን አዙሮ መተንፈስ ነው። አንድ ሁለት ሦስት ብሎ ሲቆጥር ቁጥሩ ይሮጥበታል፤ ከቁጥሩ ጋር እጁ ይጣደፋል፤ በሦስተኛው ላይ አየር ሲፈልግ ውኃ ይጠጣል። ሳያት ሁለት ሳምንት አየችው። አንድ ረቡዕ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ተሳፋሪ ሲጭኑ እንዴት ነው የሚቆጥሩት ብላ ጠየቀችው።

አሰበበት። ከዚያ በፊት አስቦበት አያውቅም። ሰው ሲጭን የሚቆጥረው በእናቱ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው። ሚቴ ይልና የመጀመሪያውን ሰው እጁን ይዞ ያስገባዋል። ጀልባዋ ትወዛወዛለች። እስክትረጋ ይጠብቃል። ላሜ ይልና ሁለተኛውን። ሳሴ፣ ሦስተኛውን። ጀልባዋ ሳትረጋ ቀጣዩን ቁጥር ጠርቶ አያውቅም።

"እንግዲያው እዚህም እንደዚያው ይቁጠሩ" አለችው ሳያት።

ሚቴ። ላሜ። ሳሴ። ጭንቅላቱን አዞረ፤ ያገኘው አየር ነበር። ያን ቀን የገንዳውን ሃያ ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆም ጨረሰ። ሲወጣ ሐዳሳ በርቱ አለችው።

የሥራ ባልደረቦቹ እስከዚያ ድረስ አያውቁም ነበር። ፎጣውን በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። አንድ ቅዳሜ ግን ጀልባ ማቆሚያው ላይ ከወላጆቹ ጋር የመጣ የክፍሉ ልጅ፣ ጋሼ ጉማሬ ብሎ እየጮኸ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ከበደ ልጁን ይህ ስም ከየት መጣ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሁሉንም ዘረገፈ። ሳቁ አንድ ሳምንት ቆየ። ፊደልም አብረህ ትቆጥራለህ ወይ አሉት፤ ማስቲካ ገዝተው ለእረፍት ሰዓትህ ብለው ሰጡት። በርናባስ ማስቲካውን ተቀበለ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ነበር፤ ረቡዕም፣ ዓርብም። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሰው የሚያከብረው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ ሰው ከሰባት ዓመት ልጅ ኋላ ተራውን ይጠብቃል። አንድም ቀን አልቀረም። ከሚስቁት መካከል አንዳንዶቹ ግን ቶሎ ዝም አሉ።

ጳጉሜን ሁለት ደረሰ። ፈተናው የተቀጠረው ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሐይቁ በዚያ ሰዓት እንደ ጠረጴዛ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ግን አምስት ሰዓት አልፎት መጣ። ያኔ ነፋሱ ተነሥቷል። ሁለት ጀልባዎች ከዳሩ ትይዩ ሃምሳ ሜትር ተራርቀው መልሕቅ ጥለዋል፤ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን መንካት ነው። ከአሥራ ስምንቱ ነጂዎች የመጡት አሥራ ሁለት ናቸው። ያልመጡት ስድስቱ አሞናል ብለዋል። ሳያት ሐዳሳንና አራት ልጆችን ይዛ መጥታለች። ብርቅዬ ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም።

በርናባስ ሰባተኛ ነው። ገባ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሜትሮች ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ሞገዱ በጎኑ መጣና ሊተነፍስ በከፈተው አፉ ገባ። ሳለ። ቁጥሩ ጠፋው። ሁለተኛው ሞገድ ገለበጠው። ከሥሩ ምንም አይታይም፤ ድፍርስ ብቻ። በዚህ ጊዜ ገንዳ ውስጥ የተማረው ሳይሆን ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው መጣለት። ጀልባ ሞገድን በጎኗ አትቀበልም፤ አፍንጫዋን ሰጥታ ነው የምታልፈው። በርናባስ ዞረ። ራሱን ወደ ሞገዱ አቅንቶ ወደ ሐይቁ መሀል መዋኘት ጀመረ።

ዳር የቆሙት ተንጫጩ። ከበደ ወዴት ነው የሚሄደው ብሎ በአቅራቢያው ለቆመው ነፍስ አድን ጀልባ እጁን አነሣ። ሞተሩ ተነሣ።

"ይተዉት" አለች ሳያት። "ምቱ አልተበላሸም።"

ከበደ እጁን እንዳነሣ ዓይኑን አጥብቦ አየ። በርናባስ ሞገዱን በግንባሩ እየሰነጠቀ በሰያፍ ይወጣል፤ በሁለት ሞገድ መካከል ወደ ቀኝ ይተነፍሳል። ከበደ ራሱ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ነድቷል።

"ይሄ ሰውዬ እየነዳ ነው እኮ" አለ። እጁን አወረደ።

በርናባስ ከሁለተኛው ጀልባ ማዶ እስኪደርስ ወጣ። ከዚያ ዞረ። አሁን ሞገዱ ከኋላው ነው፤ እየገፋ ያመጣው ጀመር። ጀልባዋን የነካት ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ ከሐይቁ ወገን ነው። ጠርዟን ይዞ ረጅም ጊዜ አስነጠሰ። ልጆቹ ጋሼ ጉማሬ እያሉ ጮኹ። ብርቅዬ ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

መዝገብ ያዡ ተቸገረ። የዋኘው ሰባ ሜትር ይሆናል፣ ሰማንያም ይሆናል፤ ስንት ልበል ብሎ ከበደን ጠየቀው።

"ሃምሳ በል" አለ ከበደ። "የቀረው የራሱ ነው።"

ልብሱን ለመለወጥ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሥራው በተራ ነው፤ ፈተና ቢኖርም ተራ አይቆምም፤ የእሱ ተራ ደርሷል። አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ቆሞ ይጠብቃል። ውኃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ መጣና ላይፍ ጃኬት አደላቸው። እናትየው ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ ጀልባዋን አየች።

"ወድቀው ነው እንዴ?" አለችው።

"አይ" አላት፣ የትንሹን ልጅ ላይፍ ጃኬት እያሰረ። "ገብቼ ነው።"

ሴትዮዋ አልገባትም፤ እሱ ሁሉንም በተራ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። የሞተሩን ገመድ ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ።