ፊቴን ወደ ግድግዳው

እህል በረንዳ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የነጋዴ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ፈጣኖች ናቸው። ከባድ ጥያቄ ስሰጣቸው ግን ወረቀቱን ትተው እኔን ያያሉ። «ሁለት መቶ ነው ቲቸር?» ይሉኛል። ቅንድቤ ከፍ ካለ ቁጥሩን ይቀንሳሉ፤ ከንፈሬን ከነከስኩ ይጨምራሉ። ሱቅ ውስጥ ስላደጉ ከገዢ ፊት ላይ የመጨረሻውን ዋጋ ማንበብ ያውቁበታል። በአራተኛው ሙከራ መልሱን ያገኙታል፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፉ። ያናድዳል።

ባለፈው ቅዳሜ መላ አገኘሁ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ስድስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ስለተጣሉ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም፤ በስንት ዓይነት መንገድ መቀመጥ ይችላሉ? ከዚያ ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ለግድግዳው ሰጠሁት።

መጀመሪያ አጉረመረሙ። ቆይተው ግን እየሳሉ፣ እየሰረዙ እርስ በርስ ይከራከሩ ጀመር። ወደ ግድግዳው ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናቷ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ ደብተሯን አመጣችልኝ። ሰባ ሁለት ይላል። መልሱን ቀድሜ የሠራሁበት የእኔ ወረቀት አራት መቶ ሰማንያ ይላል።

እርግጠኛ መሆኗን ለማወቅ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ምንም አይነበብበትም።

«እስቲ ሠርተው ይዩት ቲቸር» ብላ እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለካ ጠረጴዛው ክብ መሆኑን ረስቼ ሰዎቹን አንድ አግዳሚ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ልጅቷ ፈገግ ያለችው ሰባ ሁለት ብዬ ጽፌ ስጨርስ ብቻ ነው።