በቃሉ የሚያነበው ረዳት

ፀጉር ቤቱ ከመካኒኩ ጋራዥ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ፀጉሩን ሊስተካከል የተቀመጠ ሰው በአንድ ጆሮው የሞተር ድምፅ፣ በሌላው የባለቤቱን ወሬ እየሰማ ነው የሚቆየው። ሞተሩ አንዳንዴ ይጠፋል።

ሰውየውን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ይመስሉኛል። እኔ ደንበኛው ከሆንኩ ወዲህ ያ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም፤ ፀጉሬ ሲያልቅ ወሬው ስለማያልቅ፣ ፎጣው ከአንገቴ ከተነሳ በኋላም ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ይህ ሰው ታዲያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሱቁን ይዘጋና እሳት የማይበላው ቱታ ለብሶ፣ ሄልሜት ደፍቶ የራሊ ውድድር መኪና ውስጥ ይገባል። የሚነዳው እሱ አይደለም። የሚነዳው ጎረቤቱ መካኒክ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሬዲዮ ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን ያነብለታል። ሥራህ ምን ይባላል ሲሉት «ረዳት ነኝ» ይላል። ሽማግሌ ደንበኞቹ «የትኛው አውቶብስ ላይ?» ይሉታል። ያኔ ማስረዳት ይጀምራል፤ ማስረዳቱም አንድ ሙሉ ራስ ይፈጃል።

እኔ ባጭሩ ላስረዳ። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን ቀስ ብለው ይነዱታል። መካኒኩ ያየውን ይናገራል፣ ሬዲዮ ይጽፋል። እዚህ ጋ ቀኝ፣ እዚያ ጋ ግራ፣ ከዚያ ጉብታ፣ ከዚያ ድልድይ። መታጠፊያዎቹ እንደ ጥበታቸው ቁጥር አላቸው። አንድ ማለት መኪናውን ወደ መጣበት የሚመልስ ነው፤ ስድስት ማለት መንገዱ ትንሽ ሐሳቡን ቀየር ያደረገበት ቦታ ነው። በውድድሩ ዕለት ሬዲዮ ያንን ሁሉ አንድ መታጠፊያ እየቀደመ ያነባል። አሽከርካሪው ከጉብታው ማዶ ያለውን አያይም፤ ስለዚህ ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያምናል። «ቀኝ ስድስት» ካሉት እግሩን ሳያነሳ ይገባል። መንገዱ ቀኝ ሁለት ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያነብ ሰው አያስፈልግም።

የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውለው ሰው እዚያ ውስጥ አንዲት ትርፍ ቃል አይወጣውም። «ጋሼ እኮ ዓመቱን ሙሉ የሚያባክነውን ቃል እዚያ ነው የሚቆጥበው» ይላል መካኒኩ።

ሬዲዮ ራሱ መንጃ ፈቃድ የለውም። አንዴ ሊፈተን ሄዶ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ፈታኝ ዝም ቢለው «ከፊቴ ያለውን ካልነገርከኝ እንዴት ልንዳ?» ብሎ ተከራክሮ ወደቀ ይባላል። እሱ ይክዳል። የቤታቸውን መኪና የምትነዳው መጋረጃ ሰፊዋ ሚስቱ ናት። ገበያ ሲሄዱ ከጎኗ ሆኖ «ሃምሳ ሜትር፣ ግራ ሦስት፣ ጠባብ» ይላታል። እሷም «በዚህ መንገድ ስመላለስ ስንት ዘመኔ ነው፤ ዝም ካላልክ ወርደህ በእግርህ ተከተለኝ» ትለዋለች። አንድ ቀን እውነትም አውርዳዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ዓይኑ መድከም ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው ምስክር የኔ ራስ ነበር። ከፀጉር ቤት ወጥቼ ቤት ስገባ ባለቤቴ አየት አድርጋኝ «ግራህን ለነገ አቆይቶት ነው?» አለችኝ። ሬዲዮ መጀመሪያ መብራቱን ከሰሰ፤ አምፖሉ ተቀየረ። ቀጥሎ መስታወቱን ከሰሰ። በመጨረሻ እጆቹን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ አሽሽቶ መቁረጥ ጀመረ፤ ከሩቅ ለሚያየው ትኩስ ድስት የሚያወርድ እንጂ ፀጉር የሚቆርጥ አይመስልም። ከሩቅ ያለውን አጥርቶ ያያል። ከቅርብ ያለው ነው ጭጋግ የሆነበት፣ በተለይ ጽሑፍ።

ታዲያ መነጽር ለምን አያደርግም? አያደርግም፣ ምክንያቱም ፋርማሲስቱ አለ።

ፋርማሲስቱ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ያለው ጭምት ወጣት ነው፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። ራሊ ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሰው በሞላበት ሰዓት መጥቶ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ባይመችህ እኔ ባነብለት ደስ ይለኛል» ብሎ በትሕትና ጠየቀ። ሬዲዮ መቀሱን አስቀመጠ። «አንተ? መነጽር አድርገህ? የኔ ልጅ፣ መኪናው ጉብታ ላይ ሲዘል መነጽርህ አንድ ቦታ፣ ዓይንህ ሌላ ቦታ ነው የሚቀሩት። መነጽር ያደረገ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ሬዲዮ ነገሩ ስለጣፈጠው ለሁለት ዓመት ያህል ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ደገመው። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጉብታው በየጊዜው ከፍ እያለ ነው የሄደው።

እንግዲህ በገዛ አፉ ያጠረው አጥር ነው። መነጽር ካደረገ ወንበሩ ለልጁ እንደሚሄድ አምኗል። ያ ወንበር ደግሞ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም። «ፀጉር ቤት የምናገረውን ማን ልብ ይለዋል?» አለኝ አንድ ጊዜ፣ ሳይቀልድ። «እዚያ ግን እኔ ቀኝ ስል መኪናው ቀኝ ይሄዳል።»

ስለዚህ መሸምደድ ጀመረ። መንገዱን ነድተው ሲመለሱ የተጻፈውን ለሚስቱ ይሰጣታል። እሷ የራሷን መነጽር ሰክታ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታነብለታለች፤ እሱ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ እያለ ይደግማል። ጉብታውንም፣ ድልድዩንም፣ የድንጋይ አጥሩንም እንደ ውሃ ይጠጣዋል። በውድድሩ ዕለት ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በቃሉ ይወጣዋል። ገጹን የሚገልጠው ለወጉ ነው።

ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች። እየቆየች ግን እንቅልፍ አጣች። «ለባሌ ብዬ ደብቄ ወንድሜን ላጣው ነው» አለችኝ፣ መጋረጃ ልለካ የሄድኩ ዕለት። ለእሱም ቁርጡን ነገረችው። «ይቺ የመጨረሻዬ ናት። ከዚህ ውድድር በኋላ ወይ አንተ ትነግረዋለህ ወይ እኔ።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከውድድሩ በኋላ አላልሽም?»

እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች። ጠዋት ቱታውን ስታቀብለው የራሷን መነጽር በኪሱ አደረገች። ክፈፉ ቀይ ነው፤ በሁለቱ ጠርዞች ላይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ድንጋዮች አሉት።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ልማዱ አለፈ። ሁለተኛው ዙር ሊነሱ ሲሰለፉ ግን አዘጋጆቹ እያንዳንዱን መኪና እየዞሩ አንድ ወረቀት አደሉ። የቀደመው ሳምንት ዝናብ ያነቃነቀው ድልድይ ላይ ስንጥቅ ታይቷል። መሃል ላይ መንገዱ ተቀይሮ በእርሻዎች መካከል በሚያልፍ የትራክተር መንገድ ይዞራል። አዲሱን መንገድ የአዘጋጆቹ መኪና ቀድሞ ነድቶ የጻፈው ይኸውና፤ ሁሉም በዚህ ይነዳል።

ሬዲዮ ወረቀቱን ተቀበለ። ፀጉር ቤት ቢሆን እጁን ዘርግቶ ያርቀው ነበር። እዚህ ግን ትከሻውን ቀበቶ ጠፍሮታል፣ ከፊቱ ደግሞ የመኪናው ዳሽቦርድ አለ።

«መጀመሪያውን አንብብልኝ እስቲ፣ እንድለምደው» አለ መካኒኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለቱ እየተቀባበሉ ነው የነገሩኝ፤ በብዙው ነገር ይስማማሉ።

ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀኝ አራት» አለ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። «ጋሼ፣ ግራ ሁለት ነው የሚለው።»

«እሱን ነው ያልኩት።»

«ቀኝ አራት ነው ያልከኝ።»

ሬዲዮ ዝም ማለቱ ነው መካኒኩን ይበልጥ ያስደነገጠው።

«አይታይህም እንዴ?»

«የሩቁ ይታየኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና ትንሽ ትንሽ ጀምሮኝ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ያነበብክልኝ ሁሉስ?»

«በቃሌ ነው» አለ ሬዲዮ። ቀጠለና፣ እሱ እንደሚለው መካኒኩን ለማጽናናት፣ «አንድም አልሳትኩም እኮ» አለ።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ። ከፊታቸው ያለው መኪና አቧራውን አስነስቶ ሄደ። «አንተ ግራ ስትለኝ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገባው። አንድ መስመር ቢጠፋህስ? እታለምን ምን ልላት ነበር? እኔ ብተርፍ ማለቴ ነው።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር ይላል ሬዲዮ። «ወደ ዳር ላውጣት። ዛሬ አንሄድም።»

ሬዲዮ አንገቱን ደፋ። ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ፍለጋ ኪሱ ውስጥ ሲገባ እጁ ጠንካራ ነገር ነካ። አወጣው። ሁለቱም አዩት። ሁለቱም የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

«እሷም ታውቃለች?» አለ መካኒኩ።

«ስታነብልኝ የኖረችው ማን ሆነና?»

መካኒኩ በዚህ ጊዜ ነው የሳቀው ይላል ሬዲዮ። መካኒኩ ግን አልሳቅኩም፣ የሳቅኩት ሄልሜቱን አውልቆ ያንን ቀይ መነጽር ሰክቶ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው ይላል። ድንጋዮቹ ፀሐይ መትቷቸው ቦግ አሉ። ሬዲዮ ወረቀቱን አየ፤ ቀና ብሎ መካኒኩን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

«ፊደሉ ይኼን ያህል ትልቅ ነው እንዴ?» አለ።

«ከላይ እስከ ታች አንብብ። አንዲት ብትስት እወርዳለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንዲትም አልሳተም፤ ሄልሜቱንም በመነጽሩ ላይ መልሶ ደፋ። ሰዓት ያዡ በእጁ «ወደፊት» አላቸው፣ መካኒኩም ሞተሩን አስነሳ።

በዚያ የትራክተር መንገድ ሬዲዮ ካንድ ቦታ በቀር ልማዱን ጠበቀ። ከአንድ ጉብታ ላይ ዘለው ሲያርፉ ከ«ግራ አምስት» ቀጥሎ፣ በዚያው ድምፅ፣ «መነጽሩ አልወደቀም» ብሏል። መካኒኩ ይህን ሲናገር እስከ ዛሬ በሳቅ እንባው ይመጣል።

ያሸነፉ እንዳይመስላችሁ። ውጤታቸው ለመሃል የቀረበ ነበር። መካኒኩም ከመኪናው ከወረደ በኋላ ሬዲዮን እህቱ ፊት አቆመውና «ለሚቀጥለው በእታለም መነጽር አትገባም። የራስህን አሠርተህ፣ እኔ ያመጣሁልህን ጽሑፍ እኔ ፊት ታነባለህ። እምቢ ካልክ ፋርማሲስቱ ይገባል» አለው።

የሚያሳዝነው፣ መጨረሻው መስመር ላይ ፎቶ አንሺ ነበረ። በሳምንቱ ፋርማሲስቱ ፎቶውን አሳጥቦ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ነው፤ ቤቱ ሞልቷል፤ እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ። ልጁ ፎቶውን መስታወቱ ጥግ ላይ በጥንቃቄ ሰካው።

«ያምርብሃል ጋሼ» አለ በዚያ ጭምት ድምፁ። «የሴት መነጽር መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።»

ቤቱ ሁሉ ዞሮ ሬዲዮን አየ።

«ጉብታው ላይስ ደኅና ነበርክ?» አለ ልጁ። «ዓይንህና መነጽርህ አልተጠፋፉም?»

ሬዲዮ ፎጣውን ሁለቴ አራገፈው። «ና ተቀመጥ» አለው። «ያኔ ስትጠይቀኝ ተራ አልሰጠሁህም፣ ዛሬ ግን ቀድመህ ትስተካከላለህ። ከኔ ቀጥሎ የሚያነብ ሰው ማጅራቱ እንዲህ መጎፈር የለበትም።» ልጁ ተቀመጠ። ተራው የኔ ነበር።

መነጽር ሊታዘዝለት የሄዱ ዕለት የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ወረፋ ሲጠብቁ የምርመራው ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ከእነሱ በፊት የገቡት እናት በእጃቸው በተሰጣቸው ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታች ጮክ ብለው ያነባሉ። የሬዲዮ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እሷ ጸሎት መስሏት ተወችው።

ተራው ደርሶ ሲገባ የዓይን ባለሙያዋ «እስከሚታይዎት ድረስ ያንብቡልኝ» አለችው፣ ለቅርብ የሚያገለግለውን ሰሌዳ በእጁ ሰጥታ። ሬዲዮ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች፣ ከዝንብ እግር የምታንሰውን ፊደል ሳይቀር፣ በዚያ በመኪናው ድምፁ ሳይተነፍስ አወረደው።

ባለሙያዋ ተገርማ ሰሌዳውን መልሳ አየችው። «እርስዎ መነጽር ምን ያደርግልዎታል?»

ሚስቱ ከኋላ ሆና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ሰሌዳውን ቀይሪለት፣ እህቴ» አለች።

ተቀየረ። ሬዲዮ አዲሱን ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ሰፈሩ እስከሚያውቀው ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አላውቀውም» አለ።

መነጽሩ ደረሰ፤ ጥቁር ነው፣ ድንጋይ የለውም። መካኒኩ የጋራዡን የሞተር ዘይት ጣሳ አምጥቶ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አስነበበው፣ ወንበሩም የእሱ ሆኖ ቀረ። ፀጉሬም አሁን በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ቅሬታ ያላት ሚስቱ ብቻ ናት። መነጽሩን የተቀበለ ዕለት፣ ለሩቅ አያስፈልግህም ቢባል አሻፈረኝ ብሎ ሰክቶት ከጎኗ ተቀመጠ። መታጠፊያ መቁጠሩን ትቶ፣ ከመነጽር ቤቱ እስከ ቤታቸው ደጃፍ ድረስ ደረሰኙን ከጀርባው ጭምር፣ የመነጽሩን ማጽጃ ፈሳሽ መመሪያ፣ የመኪናዋን የጎማ ንፋስ መጠን የሚገልጸውን ተለጣፊ፣ አንድም ሳያስቀር አነበበላት።

«እዚያ ማዶ ላይ አውርጄህ ነበር አይደል አንድ ጊዜ?» አለችው፣ ገና መንገድ ላይ ሳሉ።

«ሁለት መቶ ሜትር» አለ ሬዲዮ። «ቀኝ አምስት። ከዛፉ ሥር።»