«ፍጠኑ!» ያላለን ቀን

ሀዋሳ ልብስ ፋብሪካ ገብቼ ለአሜሪካ የሚላክ ሸሚዝ እሰፋ ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ቀኑን ሙሉ «ፍጠኑ!» እያለ ይጮኽብናል። አፉን ይዝጋው እያልኩ በሆዴ ስንቴ ረግሜዋለሁ!

አንድ ቀን ምሳ ላይ የፋብሪካው መመገቢያ ቤት ቴሌቪዥን አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ መጨመሯን አወራ። ከፕሬዚዳንቱ ጎን አንድ ቢሊየነር ቆሞ ይስቃል።

«እሱን ደግሞ ማን መረጠው?» አለች አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ።

«ገንዘቡ ነዋ!» አልኳት በንዴት።

ወደ ማሽናችን ስንመለስ ሱፐርቫይዘሩ አልጮኸም። በመስመራችን መሃል እየተመላለሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ በሉ ልጆቼ» አለን። «ከአሜሪካ ሌላ ትዕዛዝ፣ ሌላ ጨርቅ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። ያለውን እናቆየው።»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። አምላኬ፣ ምናለ በጮኸብን!