የዳነ ሰው አይመለስም

ትበርህ አሥመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ናይሮቢ ላይ ኑሮዋን የመሠረተች፣ አርባዎቹን የጀመረች ያላገባች ሴት ነበረች። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርታለች። ሥራው የሚናቅ አልነበረም፤ ደመወዙ ሳይዛነፍ ይገባል፣ መኖሪያዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ብትታመም የሚያክማት ቅርቧ ነው።

በፈረንጆች 1997 መጀመሪያ ላይ ግን ይህን ሁሉ ትታ ወጣች። ነገሩ የጀመረው በአንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሰውየው ግማሽ ጎኑን ሽባነት መትቶት መጣ። ከብዙ ልፋት በኋላ የቀኝ እጁ ጣቶች መላወስ ሲጀምሩ፣ የክፍሉ ኃላፊ «በቃው፣ ወረፋው ረጅም ነው» ብሎ አሰናበተው። ትበርህ ጥቂት ሳምንት እንዲጨመርለት ለመነች። አልተሰማችም። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ጨብጧት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። እሷ ደህና አድርጋ ያሰናበተችው መስሎት መሄዱ እንደ እሾህ ወጋት።

የሥራ ባልደረባዋ ኩለሱም የሞምባሳ ልጅ ናት። ከአንድ ፔርሙስ ሻይ ሲካፈሉ ነው የኖሩት። መልቀቋን ስትነግራት ኩለሱም ፔርሙሱን አስቀምጣ አፈጠጠችባት።

«አብደሻል?» አለቻት በስዋሂሊ። «ባል የለሽ፣ ወንድም የለሽ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«የወደቀ የማነሳውስ እኔ አይደለሁ እንዴ?» አለች ትበርህ እየሳቀች።

ኩለሱም አልሳቀችም።

ከግቢው ቤት ወጥታ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ለሥራዋ ደግሞ ኪሊማኒ ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ፣ ምድር ቤት ያለች ክፍል አገኘች። የማከሚያውን አልጋ ንጎንግ ሮድ ዳር ያሉ አናጺዎች ሠሩላት። እንዲህ ጠባብና ከፍ ያለ አልጋ ስታዝ አናጺው የሬሳ ማሳረፊያ መስሎት ፊቱን አከፋና «እማማ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ሆስፒታል ሳለች የሚያማርራት ጫጫታው ነበር፤ የተሽከርካሪ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለት፣ የሕፃናቱ ለቅሶ፣ ስሟን የሚጣሩት ነርሶች። አሁን በሩን ከፍታ፣ አንሶላውን ወጥራ ትቀመጣለች። ከግድግዳው ማዶ የወጥ ቤቱ ሴቶች ይሳሳቃሉ፤ ድስት ይጋጫል። እሷን የሚጠራ የለም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ውላ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱን «ካሳራኒ» ስትለው ድምጿ ሻክሮ የሚወጣበት ቀን ነበር።

ቀስ በቀስ በሽተኛ መጣ። ነገር ግን ከመውጣቷ በፊት ያላሰበችው ነገር ገጠማት። ሆስፒታል አንዱ ሲድን ሌላው ተተክቶ ይጠብቃታል። እዚህ ግን የዳነ ሰው ጨብጧት፣ መርቋት ሲወጣ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል። እጇ ይበልጥ በሠመረ ቁጥር ብቸኝነቷ ቶሎ ይመለሳል። ጉልበቱን ያዳነችው የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ መንገድ ላይ አግኝታው ሰላም ስትለው፣ ማን እንደሆነች ጠፍቶት ግራ ተጋብቶ አያት። አልፈረደችበትም። ሕመሙን የረሳ ሰው ሐኪሙንም ቢረሳ ወጉ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የመጡት በግንቦት ነው። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ደርቆ ፀጉራቸውን ማበጠር እንኳ አቅቷቸዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲመጡ ተቀጠሩ። ትበርህ ክንዳቸውን ይዛ በዝግታ ስታዘረጋቸው እያቃሰቱም ያወራሉ።

«አማርኛሽ የት ተገኘ ልጄ? ከኔ የልጅ ልጅ ይሻላል። እሷ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አባትና እናቷ ሲነጋ ይወጣሉ። እኔ ከሶፋው ጋር እውላለሁ።»

«ይበርቱ እማማ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።»

«ከፍ አደርጋለሁ፤ አንቺ ግን ምሳ በልተሻል? አንገትሽ ቀጥኗል።»

ምሳ በልታ እንደሆነ የጠየቃት ሰው ከሆስፒታሉ ከወጣች ወዲህ አልነበረም። ትበርህ ፊቷን ዞር አድርጋ «በልቻለሁ» ብላ ዋሸች።

ክረምቱ ሲያልፍ ትከሻው ለቀቀ። እሳቸው ግን «ኧረ ገና ነው፣ ውስጡን ያመኛል» ይላሉ። አንድ ማክሰኞ ሸኝታቸው መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ስታይ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማታቱ መቆሚያው ላይ በሰው መሃል ቀኝ እጃቸውን ሰማይ ጠቀስ አድርገው እያውለበለቡ መኪና ያስቆማሉ። ከዚያ በዚያው እጅ የበሩን ብረት ጨብጠው እንደ ኮረዳ ዘለው ገቡ።

ትበርህ ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ከፋት። ልጃቸው ለሌለ ሕመም እየከፈለ ነው፤ ሊነገራቸው ይገባል። ሆኖም የሚቀጥለው ማክሰኞ መጣ፤ አልተናገረችም። ሌላም መጣ። ጠዋት ስትነሳ ማክሰኞ መሆኑን ስታስብ ቀሚሷን መርጣ እንደምትለብስ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ለካ የምትጠብቀው እሷም ኖራለች! ሆስፒታሉ ያልዳነውን ድነሃል ብሎ ሰደደው፤ እሷ ደግሞ የዳኑትን አልዳኑም ብላ ልታስቀር ነው። ይህ አሳፈራት።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፣ ክንዳቸውን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ «ትከሻዎ ድኗል። ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግዎትም።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ትከሻቸውን ያዝ አደረጉ። «የሚያመው እኔን አይደል? አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ማታቱ ሲያስቆሙ አየሁዎት።»

ፊታቸው ቀላ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተነሱና ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ጀመር። «እንግዲያው ሌባ ይዘሻላ» አሉ። «ደግ። አላስቸግርሽም።»

ትበርህ «እንዲያው ለጨዋታ ይምጡ፤ እኔም ሰው የለኝም» ልትል ነበር። ሐኪም በሽተኛዋን እንዲህ ብላ ታውቃለች? በምትኩ የለመደችውን ተናገረች፦ «እንቅስቃሴውን ጠዋት ጠዋት እንዳይተዉት።»

«እሺ፣ ሲስተር» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ልጄ» ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሚገርም ነገር ሆነ። ከሳውዝ ሲ የሚመጣ ሰው በረከተ። ወገብ፣ ጉልበት፣ አንገት ያመመው ሁሉ ክፍሏን አጣበበ። ማን ላካችሁ ስትል «ቸርች ሰምተን ነው» ይሏታል። ሥራው በእግሩ ቆመላት፤ እፎይ አለች። ማክሰኞ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች።

በጥቅምት ኤልኒኖ የተባለው ዝናብ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው አላስቻላትም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብርቱካን ገዝታ፣ ውኃ በዋጠው መንገድ ሳውዝ ሲ ድረስ ሄደች። በሩን የከፈተችው የመጀመሪያ ቀን ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ይዛ የመጣችው ምራትየዋ ሩሐማ ነበረች።

«ውይ ሲስተር! እማዬ እኮ የሉም። ባለፈው ሐሙስ አዲስ አበባ ገቡ፣ እህታቸው ጋ። እዚህ ሆድ ሆዴን በላኝ ብለው አስቸገሩን።»

«ለእኔ ያሉት ነገር አለ?»

«ስለ እርስዎማ አውርተው አይጠግቡም ነበር። ቸርች ያላዳረሱት ሰው የለም፤ ‹እጇ መድኃኒት ነው› እያሉ።»

ትበርህ ራሷን ነቀነቀች። የያዘችውን ብርቱካን አቀበለቻትና ለመመለስ ዞረች።

«ሲስተር» አለች ሩሐማ እንደማፈር ብላ፣ «ከመጡ አይቀር፣ ይህን ወገቤን ቢያዩልኝ? ቢሮ ቁጭ ብዬ ስውል አላስነሳ እያለኝ ነው።»

ትበርህ የረጠበ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፤ እጇን ታጠበች። ሩሐማን ምንጣፉ ላይ በሆዷ አስተኝታ፣ አጠገቧ ተንበርክካ የደነደነውን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈልጋ አገኘችው።

«እዚህ ነው?»

«አዎ! አዎ፣ እዚያው ላይ!»

ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል «Mummy, who's that?» ብላ ጠየቀች።

«ሐኪሟ ናት» አለች ሩሐማ ፊቷን ምንጣፉ ውስጥ እንደቀበረች።

ትበርህ በዝግታ ስትጫን ቆየች። ስትጨርስ ለሰኞ ከሥራ መልስ ቀጠረቻትና፣ ሻይ እስኪፈላ ይቆዩ ብትባልም ማታቱ እንዳያመልጣት ብላ ወጣች።